የቤት ድራፍት አረፋ ሲያበዛ ግፊት መቀነስ ለምን አይረዳም?

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ወደ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተዛወርን ወዲህ የቤታችን ድራፍት አረፋ ብቻ ሆኗል። ማቀዝቀዣው፣ የጋዝ ሲሊንደሩና ቱቦው ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ እዚያ በ12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ያለ ችግር ይቀዳ ነበር። እዚህ ከብርጭቆው ግማሽ በላይ አረፋ ሲሆንብኝ ግፊቱን ወደ 8፣ ቀጥሎም ወደ 5 ዝቅ አደረግሁት። ለአንድ ምሽት የተሻለ መሰለኝ፤ ከዚያ ግን ባሰበት። በሳምንቱ ደግሞ ቢራው ራሱ ጋዙ ጠፍቶ ውሃ ውሃ ይል ጀመር። የማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር 38 ፋራናይት ያሳያል። አዲስ ማሽን ልግዛ? በግንቦት የልጄ ምርቃት ስላለ ትልቅ በርሜል ማስመጣትም አስቤያለሁ።

ምላሽ፦ ማሽን አይግዙ። ከገለጻዎ እንደምረዳው ዕቃዎ ደኅና ነው። የተለወጠው የሚኖሩበት ከፍታ ነው፤ በዚያ ላይ ግፊቱን ሲቀንሱ ነገሩ ተባባሰ። ይህን የምለው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። ድራፍት በምተክልባቸውና በማጸዳባቸው ምግብ ቤቶችም ሆነ መኖሪያ ቤቶች አረፋ ያስቸገረው ሰው ሁሉ እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሬጉሌተሩ፣ ማለትም ወደ ጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያው ነው። ቢራው በኃይል ስለሚወጣ ያረፋል፣ ስለዚህ ኃይሉን ልቀንስለት ብሎ ያስባል። አልፎ አልፎ ልክ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው።

አረፋው ከቢራው ያለጊዜው ያመለጠ ጋዝ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቢራ ውስጥ አሟሙተው የሚይዙት ቅዝቃዜና ግፊት ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲላላ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ የዋለ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ምን እንደሚያደርግ ያውቁታል፤ ከማቀዝቀዣ የወጣው ግን ጭስስ ብሎ ዝም ይላል። በሁለቱም ውስጥ ያለው ጋዝ እኩል ነው።

ላገር የሚባለው የተለመደ የአሜሪካ ቢራ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱን ይዘት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ጋዝ ይዞ ይወጣል፤ አንድ ሊትር ቢራ ውስጥ ሁለት ሊትር ተኩል የሚያህል ጋዝ ታምቆ አለ ማለት ነው። ያ ጋዝ ባለበት እንዲረጋ በ38 ፋራናይት፣ ማለትም በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ከ11 እስከ 12 ፒኤስአይ ግፊት ያስፈልገዋል። ቨርጂኒያ ሳሉ የተጠቀሙበት 12 እንግዲህ ትክክለኛ ቁጥር ነበር። ወደ 5 ሲያወርዱት ቢራው ገና በርሜሉ ውስጥ እያለ ጋዙን መልቀቅ ጀመረ፤ ቱቦው ውስጥ የተኛውም እንዲሁ። የመጀመሪያው ምሽት የተሻለ የመሰለዎት ፍሰቱ ስለዘገየ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቱቦው ውስጥ ጋዝና ቢራ እየተፈራረቁ ስለሚቀመጡ ቧንቧውን ሲከፍቱ ትፍ ትፍ እያለ ይወጣል። ቀናት ሲያልፉ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ጋዝ ከአዲሱ ዝቅተኛ ግፊት ጋር ይስተካከላል፤ ያኔ ቢራው ውሃ ውሃ ይላል። ግፊቱን ከቀነሱ በኋላ የባሰው አረፋና በሳምንቱ የመጣው የጋዝ መጥፋት የተለያዩ ብልሽቶች እንዳይመስሉዎት፤ ሁለቱንም ያመጣው ያው የተቀነሰው ግፊት ነው።

ታዲያ መጀመሪያውኑ፣ ሬጉሌተሩ 12 ላይ እያለ፣ አውሮራ ላይ ለምን አረፋ በዛ? ጌጁ፣ ማለትም ሬጉሌተሩ ላይ ያለው ባለ መርፌ የግፊት መለኪያ፣ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ የአየሩን የራሱን ጫና አይቆጥርም። ቢራው የሚሰማው ግን የሁለቱን ድምር ነው። በባሕር ጠለል ላይ አየሩ በ14.7 ፒኤስአይ ይጫናል። ዴንቨርና አውሮራ 1,600 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የአየሩ ጫና 12 ገደማ ነው። ጌጁ እዚያም እዚህም 12 ሲያሳይ ቢራው የሚሰማው ጫና እዚያ 26.7 ገደማ ነበር፤ እዚህ 24 ገደማ ሆኗል። የጎደለው ሁለት ተኩል ያህል ነው፤ አረፋውን ለማምጣት እሱ በቂ ነው።

በየሙቀቱ ስንት ግፊት እንደሚያስፈልግ የሚነግሩት የጋዝና የሙቀት ሠንጠረዦች የሚዘጋጁት በባሕር ጠለል ልክ ነው። በሥራው ላይ ያለን ሰዎች የምንከተለው ደንብ ለየ2,000 ጫማ ከፍታ 1 ፒኤስአይ መጨመር ነው። አውሮራ ከ5,400 ጫማ በላይ ናት፤ ስለዚህ ከሠንጠረዡ ላይ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ይጨምራሉ። የእርስዎ ቁጥር 14 ወይም 15 ነው። ከ12 መውረድ ሳይሆን መውጣት ነበረበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ይህን ለሚያነቡም ሒሳቡ ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ጫና ወደ 11 ፒኤስአይ ይወርዳል፤ ከሠንጠረዡ ላይ ወደ 4 መጨመር ያስፈልጋል። አዳማ ለዴንቨር ቅርብ ናት፤ ድሬዳዋ ላይ 2 ይበቃል። ከውጭ አገር የመጣ የቤት ድራፍት ማሽን መመሪያው ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ቦሌ ላይ ቢተከል አረፋ ቢያበዛ አይገርምም፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው ስለ ቦሌ አላሰበም። በአዲስ አበባ ላይ የመብራት መጥፋት ሲጨመር ደግሞ ቅዝቃዜውም አብሮ ይሄዳል።

ሬጉሌተሩን ከመንካትዎ በፊት ግን የሙቀቱን ነገር ያረጋግጡ። ማቀዝቀዣው 38 ያሳያል ብለዋል። ያ ቴርሞሜትር የሚለካው አየሩን ነው፤ ማቀዝቀዣው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር፣ ሞተሩም በተነሣና ባረፈ ቁጥር አየሩ ይለዋወጣል። ቢራው ስንት ዲግሪ እንደሆነ የሚያውቁት እንዲህ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ይቅዱና ይተዉት፣ ወዲያው ሁለተኛ ይቅዱ፣ የምግብ ቴርሞሜትር ሁለተኛው ውስጥ ይንከሩ። የመጀመሪያው ቱቦው ውስጥ የተኛው ስለሆነ ስለ በርሜሉ አይነግርዎትም። ሁለተኛው 38 ካለ መልካም። 44 ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቢራው ሙቀት በ2 ፋራናይት በጨመረ ቁጥር ጋዙን ለመያዝ 1 ፒኤስአይ ያህል ተጨማሪ ግፊት ይጠይቃል። በ44 ላይ ያለ ቢራ አውሮራ ውስጥ ወደ 17 ሊፈልግ ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣን ቢራ ፍጥነት የቤት ቱቦ መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ግፊቱን አያሳድዱ፣ የማቀዝቀዣውን ሙቀት ዝቅ ያድርጉ።

በርሜል ቶሎ አይቀዘቅዝም። ትልቁ በርሜል ከመደብሩ 50 ፋራናይት ሆኖ ከወጣ ወደ 38 ለመውረድ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። ሰዎች ጠዋት አስመጥተው ማታ ይቀዱና "ይህ ቢራ ተበላሽቷል" ይላሉ። ቢራው ገና አልቀዘቀዘም፣ በመኪናም ተንገላቷል። አንድ ቀን ይተኛ።

ከሁሉም የተሻለው መርማሪ ቱቦው ነው። የቤት ማሽን ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ እኔ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይቀዱ ይቆዩ፤ ከዚያ የማቀዝቀዣውን በር ከፍተው የስልክዎን መብራት ቱቦው ላይ ያብሩ። ደኅና ሥርዓት ከሆነ ቱቦው ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ የቢራ ቀለም ነው፤ አንዲት አረፋ አይታይበትም። ቢራው ቆሞ ሳለ ከበርሜሉ አፍ፣ ከኮፕለሩ (በርሜሉ አፍ ላይ ከሚገጠመው ማያያዣ) በላይ፣ ደቃቅ አረፋዎች እየተንጠለጠሉ ወደ ላይ ከወጡ ግፊቱ አንሷል ወይም በርሜሉ ሞቋል። ታችኛው ክፍል ጥርት ብሎ የጣት ርዝመት ያለው ባዶ ቦታ ላይኛው ጫፍ ላይ፣ ከማቀዝቀዣው በላይ ቆሞ ቧንቧውን ወደ ያዘው ዓምድ በሚገባበት አካባቢ ከተፈጠረ፣ የሞቀው ዓምዱ ነው። ቢራው ቆሞ ሳለ ምንም ሳይታይ፣ ሲቀዱ ብቻ ከአንድ መገጣጠሚያ በኋላ ነጭ የአረፋ ክር የሚፈጠር ከሆነ ግን እዚያ መገጣጠሚያ ላይ ጎሚኒ (ማሸጊያው የጎማ ቀለበት) ተበልቷል ወይም ማሰሪያው ላልቷል።

በእርስዎ ሁኔታ ይህን የመጨረሻውን በተለይ ይመልከቱ። ዕቃው ለጉዞ ተፈቷል፤ እንደገና ተገጥሟል። ኮፕለሩ ከቱቦው ጋር በሚጋጠምበት ዳዶ ውስጥ የምትቀመጥ አንዲት ጥቁር ጎሚኒ አለች፤ ዳዶው ሲፈታ ትወድቃለች፣ ማንም አያያትም። ያለ እሷም ዳዶው ይጠብቃል፤ ቢራም ላይንጠባጠብ ይችላል፤ ግን በዚያች ክፍተት ሲያልፍ ይረበሻል። ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ቡና ያንሳል። ካገኟትም ይለውጧት፤ አሮጌ ጎሚኒ ጠፍጥፎና ደርቆ ሥራውን ትቷል።

እነዚህን ካዩ በኋላ ሬጉሌተሩን ወደ 14 ከፍ አድርገው አንድ ቀን ይተዉት። በማግስቱ በመብራቱ ቱቦውን ይዩ፤ አሁንም አረፋ ካለ 15 ያድርጉት። በአንድ ቀን ሁለት ነገር አይለውጡ፤ ካልሆነ የቱ እንደረዳዎት አያውቁም። የጌጁን መርፌም ከመጠን በላይ አይመኑት። ርካሽ ጌጅ አንድ ሁለት ፒኤስአይ መሳት ልማዱ ነው፤ በጉዞ የተመታ ደግሞ ከዚያ በላይ። መርፌው 15 እያለ፣ ቢራው በእርግጥ 38 ሆኖ፣ ቱቦው አሁንም አረፋ ካሳየ የሚታመነው ቱቦው ነው፤ አንድ ይጨምሩ።

እዚህ ላይ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡበት ቦታ አለ። ግፊቱን ከፍ ሲያደርጉ ቢራው ቱቦው ውስጥ ጥርት ይላል፤ ነገር ግን ከቧንቧው በኃይል ስለሚወጣ ብርጭቆው ውስጥ ተመትቶ ያረፋል። ሰውየው "ይኸው፣ ግፊት መጨመር አባሰው" ብሎ መልሶ ይቀንሳል፤ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቢራው ከፈጠነ የሚስተካከለው በቱቦው ርዝመት ነው። ግፊት ጋዙን ቢራው ውስጥ ለመያዝ ነው፤ ፍጥነትን መያዝ የቱቦው ሥራ ነው። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ሬጉሌተር ለመሥራት መሞከር ነው የቤት ድራፍትን ሁሉ የሚያበላሸው።

ከማሽኑ ጋር የሚሸጠው ቱቦ ብዙውን ጊዜ 5 ጫማ፣ ማለትም ሜትር ተኩል ነው፤ የውስጥ ስፋቱ ሦስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች። እንዲህ ያለ ቱቦ በየጫማው ከ2 እስከ 3 ፒኤስአይ ግፊት ይበላል ይባላል። ቁጥሩ እንደ ቱቦው ስሪትና እንደ ውስጡ ልስላሴ ይለያያል፤ ለስላሳ ከሆነ ከ2ም ያንሳል። በቨርጂኒያው 12 ላይ 5 ጫማ እንደምንም ይበቃ ነበር። በ15 ላይ ያጥራል። ስለዚህ ያንኑ ስፋት ያለው 10 ጫማ ቱቦ ይግዙ። ሙሉውን ይግጠሙና ይሞክሩ፤ በጣም ከዘገየ በግማሽ ጫማ እየቆረጡ ያሳጥሩ። ቆርጦ ማሳጠር ቀላል ነው፤ አጭር የገዛ ሰው ግን ተመልሶ መደብር ይሄዳል። ሰፋ ያለ፣ የሩብ ኢንች ቱቦ ሊሸጡልዎ ቢሞክሩ አይቀበሉ፤ እሱ በየጫማው የሚበላው 1 ፒኤስአይ እንኳን አይሞላም፣ ለቤት አይሆንም።

ርዝመቱ ልክ መሆኑን በሰዓት ይለኩ። 16 አውንስ የሚይዝ የአሜሪካ ብርጭቆ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ በ8 ሴኮንድ ገደማ መሙላት አለበት። ቤት ውስጥ 10 ሴኮንድ ቢሆንም ደስ ይለኛል፤ ማንም ወረፋ እየጠበቀ አይደለም። በ4 ወይም በ5 ሴኮንድ ከሞላ ቱቦው አጭር ነው። ረጅሙን ቱቦ ማቀዝቀዣው ውስጥ በርሜሉ አናት ላይ ጠቅልለው ያስተኙት፤ እየተንጠለጠለ ወጣ ገባ ካለ ጋዝ በየከፍታው ይሰበሰባል። ቧንቧው ላይ የፍሰት መቆጣጠሪያ ያለው ዓይነትም ይሸጣል። ይሠራል፤ ነገር ግን ለማጽዳት ያስቸግራል፤ እንግዳም ሁሉ እየነካ ያበላሸዋል። እኔ ቱቦ እመርጣለሁ።

ስለ ዓምዱ ባጭሩ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ አረፍቶ ሁለተኛውና ሦስተኛው ደኅና ከሆኑ ጥፋቱ የዓምዱ ነው፤ ከማቀዝቀዣው በላይ ስለቆመ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ኮምፒውተር ውስጥ የምትገጠመው ዓይነት ትንሽ ማራገቢያ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጠው ቀዝቃዛውን አየር በቀጭን ቱቦ ወደ ዓምዱ እንዲነፋ ካደረጉ ያልቃል። እርስዎ ግን ሁሉም ብርጭቆ ስለሚያረፋብዎት ይህ ዋናው ችግር አይደለም።

ውሃ ውሃ ያለውን ቢራ አይድፉት። በ15 ላይ አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ በላይ ሲቆይ የጠፋውን ጋዝ መልሶ ይወስዳል። ቸኩለው ሬጉሌተሩን ወደ 30 ሰቅለው በርሜሉን የሚያናውጡ አሉ፤ ከዚያ የተረፈ ጋዝ ገብቶ ሌላ ዓይነት አረፋ ይጀምራል፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ ጋዙን ዘግቶ በማስተንፈሻው ቀስ በቀስ፣ በሰዓታት ልዩነት መልቀቅ ያስፈልጋል። ሳምንት መታገሥ ይቀላል።

ንጽሕናው ሌላ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ አልለሳለስም። የቤት ድራፍት ያላቸው ሰዎች በአብዛኛው ቱቦውን የሚያጥቡት በርሜል ሲያልቅ ነው፤ ወይም ፈጽሞ አያጥቡትም። ቱቦው ውስጥ እርሾና ባክቴሪያ እየተጣበቁ ቀጭን ሽፋን ይሠራሉ፤ ከዚያ ላይ የካልሲየም ኦክሳሌት ድንጋይ ይጋገራል። ይህ ሸካራ ገጽ ጋዙ ከቢራው የሚነጠልበት ቦታ ይሆናል፤ ጣዕሙንም ወደ ኮምጣጤና ወደ ሻገተ ቅቤ ይወስደዋል። ደንቡ በየሁለት ሳምንቱ ለቢራ ቱቦ በተዘጋጀ የአልካሊ ማጠቢያ ማጠብ ነው። ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው በፓምፕ ለ15 ደቂቃ ያዘዋውሩት፤ ፓምፕ ከሌለ ቱቦውን ሞልተው ለ20 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ በንጹሕ ውሃ በደንብ ያለቅልቁ። በየሦስት ወሩ ለድንጋዩ የአሲድ ማጠቢያ። ሁለቱን በፍጹም አይቀላቅሉ፤ በረኪናም አይጨምሩበት። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ አልካሊው ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ የለም። ቧንቧውን ፈትተው በብሩሽ ይፈትጉት፤ አፉ ላይ የደረቀ ቢራ ብቻውን አንድ ብርጭቆ ለማረፋት ይበቃል። የፕላስቲክ ቱቦን በዓመት አንዴ ይቀይሩት። አሁን አዲስ ስለሚገዙ ይህን ዘንድሮ ጨርሰዋል።

አቀዳዱ ላይ የማየው አንድ ስሕተት ቧንቧውን በግማሽ መክፈት ነው። ሰው አረፋውን ፈርቶ ቀስ አድርጎ ይከፍታል፤ ጠባቧ ክፍተት ግን ቢራውን ታፋትገዋለች። መያዣውን ከታች፣ ከሥሩ ይዘው በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይሳቡት። ብርጭቆውን ያዘንብሉት፤ ሲሞላ ያቅኑት፤ የቧንቧው አፍ ቢራው ውስጥ አይነከር። ብርጭቆውን በረዶ ቤት አያስቀምጡት። ግድግዳው ላይ የሚሠራው ውርጭ አረፋ ያስነሣል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ ይሻላል። ብርጭቆው ቅባት ካለበት ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ አረፋው ወዲያው ይሞታል፤ ወጥ የነካ ከንፈር ያረፈበት ብርጭቆ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀዳ አረፋ የማይይዘው ለዚህ ነው።

አረፋን ጨርሶ ማጥፋት ግን አይሞክሩ። አዲስ አበባ ድራፍት ቤት ገብቶ ጃምቦው እስከ አፉ ቢራ ካልሆነ "አረፋ ሸጥክልኝ" ብሎ የማይቆጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ቁጣው ይገባኛል፣ የከፈለው ለቢራ ነው። ሆኖም ሁለት ጣት የሚያህል አረፋ መዓዛውን ወደ አፍንጫ የሚያመጣው እሱ ነው፤ ያለ አረፋ የተቀዳ ቢራ ደግሞ ጋዙን ይዞት ሆድ ውስጥ ይገባል። ሁለት ጣት ያህል አረፋ ይዞ፣ ከሥሩ ቢራው ጠርቶ ከወጣ ማሽንዎ ጤነኛ ነው።

ምናልባት ጥቁር ቢራ፣ የናይትሮጅኑን ዓይነት፣ ለመቅዳት የተሠራ ቧንቧ ገጥመው ከሆነ ያውልቁት። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለባት ትንሽ ሳህን አለች፤ ከ70 እስከ 75 በመቶ ናይትሮጅን ካለው የጋዝ ድብልቅ ጋር በከፍተኛ ግፊት እንድትሠራ የተበጀች ናት። ላገር በእሷ በኩል ሲያልፍ ሁሉም አረፋ ነው።

ሲሊንደሩን በተመለከተ አንድ ሰው ሁሉ የሚስተው ነገር አለ። ከሬጉሌተሩ ሁለት ጌጆች አንዱ የሲሊንደሩን ውስጥ ግፊት ያሳያል፤ ስንት ጋዝ እንደቀረ ግን አይናገርም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሆኖ ስለሆነ፣ ጠብታ ፈሳሽ እስካለ ድረስ መርፌው እንደ ሙቀቱ ብቻ ይቆማል። ክፍል ውስጥ ከ800 ፒኤስአይ በላይ ሲያሳይ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ ወደ 550 ይወርዳል፤ ሰዎች ይህን አይተው ጋዝ እያፈሰሰ ነው ብለው ይደናገጣሉ። መርፌው በእርግጥ መውደቅ ሲጀምር ጋዙ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው። የቀረውን ለማወቅ ሚዛን ላይ ያውጡት፤ ባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ ተቀርጿል፣ ልዩነቱ ጋዙ ነው። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ እንዳይወድቅም ይታሰር። ማሽኑ ምድር ቤት ከሆነ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይከማቻል፣ ሽታም የለውም፣ ሰው ይገድላል።

ወደ ምርቃቱ እንምጣ። ትልቁ የአሜሪካ በርሜል 58.7 ሊትር ይይዛል፤ በ12 አውንስ ብርጭቆ 165 ያህል ይወጣዋል፤ ሙሉው 73 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ለብቻዎ አያንሡት። መጀመሪያ ማቀዝቀዣዎ ይችለው እንደሆነ ቁመቱንም ስፋቱንም ይለኩ፤ ኮፕለሩ ከበርሜሉ በላይ የሚወስደውን ቦታ አይርሱ። ካልገባልዎ 19.5 ሊትር የሚይዙትን ትንንሾቹን ሁለት ወይም ሦስት ያምጡ። እንዲያውም እኔ ብሆን እነሱን እመርጥ ነበር፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ቀዝቅዞ ይጠብቃል። ምርቃቱ ቅዳሜ ከሆነ በርሜሉ ሐሙስ ቤት ይግባ፣ ሐሙስ ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይተኛ፤ እስከ ቅዳሜ አይነካ።

ግቢ ውስጥ በበረዶ ገንዳ አስቀምጠው በእጅ ፓምፕ ለመቅዳት ካሰቡ በረዶው እስከ በርሜሉ ትከሻ ይድረስ፤ ከሥሩ ብቻ ከሆነ ላይኛው ይሞቃል። የእጅ ፓምፕ አየር ስለሚያስገባ ቢራው በማግስቱ ጣዕሙ ይለወጣል፤ የተከፈተው በዚያው ቀን ይለቅ። በግብዣ ላይ አረፋው የሚበዛው አብዛኛውን ጊዜ ከፓምፑ ነው። አንዱ ቀድቶ ሲሄድ ሌላው ይመጣና "እስቲ ልርዳችሁ" ብሎ ይገፋል፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላው። ፓምፑ የሚገፋው ፍሰቱ ሲደክም ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ይመድቡ፣ ብዙ የማይጠጣ ቢሆን ይመረጣል። በራስዎ ማሽን የሚቀዱ ከሆነ ደግሞ ሲሊንደሩን ሐሙስ ዕለት ይመዝኑት። አንድ ትልቅ በርሜል የሚፈጀው ግማሽ ፓውንድ ገደማ ጋዝ ነው፤ 2 ፓውንድ ከቀረው ይበቃዎታል፤ ከዚያ ካነሰ አርብ ጠዋት ያስሞሉት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሞላልዎ ላያገኙ ይችላሉ።